አባቴን ፍለጋ ግንብ የገባሁ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ከጅብ አብልጬ የምፈራው ቃል ነበር። ጅብስ ቢመጣ በር ይዘጋበታል፤ ቃል ግን በሩ ተቀርቅሮ ባደረ ቤት ውስጥ ከምድጃው ዳር ተነሥቶ እስከ መኝታ ይከተላል። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው የእናቴ አጎት መሪጌታ ይበልጣል ነበሩ። እኛ የኔታ እንላቸዋለን። አምበር ከተማ፣ ከእኛ አጥር ቀጥሎ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ቀን ቀን በደብሩ ቅኔ ሲያስተምሩ ይውሉና፣ ማታ ራታቸውን ከእኛ ጋር በልተው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከፍሙ አጠገብ ይቀመጣሉ። መብራት ለከተማችን የገባው ያኔ ነው፤ ይሁን እንጂ ማታ ማታ እየጠፋ ስለሚያስቸግር ኩራዙ ከነሹመቱ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ተጠጋግተን፣ የኔታ ጉሮሯቸውን እስኪጠርጉ እንጠብቃለን።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የሚበዛው የግንቡ ነበር። ከአምበር ወደ ይጁቤ አቅጣጫ፣ ከአንድ ገደል አፋፍ ላይ፣ አገር ምድሩ ዝም ብሎ «ግንቡ» የሚለው የድንጋይና የኖራ ሕንፃ አለ። ማን እንዳሠራው የኔታ አንድ ቀን የተናገሩትን ሌላ ቀን ይሽሩታል፤ አንዴ መስፍን ነው፣ አንዴ ንጉሥ ነው። የማይለዋውጡት ኋላ የሆነውን ነው። ጌቶቹ ጥለውት ሲሄዱ ግንቡ ወህኒ ቤት ሆነ፤ አልጋውን የደፈረ ሁሉ ወደዚያ ይወርድ ጀመር።

«አልጋ ስላችሁ እናታችሁ የምትተኛበት ጠፍር አልጋ እንዳይመስላችሁ» ይሉናል ጣታቸውን ቀስረው። «ያ ሰሙ ነው። ወርቁ መንግሥት ነው። አልጋ ወራሽ ሲባል አልሰማችሁም? በአልጋ ላይ የተነሣ ይወድቃል፤ የወደቀ ደግሞ ግንቡ ይገባል።»

ከዚያ ስለ ሁለቱ ሰዎች ይነግሩናል። አንዱ ወንድሜን ገድለሃል ብሎ ከሰሰ፤ ሌላው አልገደልሁም አለ። ዳኛው ግን ለዘመቻ ዓባይ ማዶ ተሻግሮ ነበርና እስኪመለስ ድረስ፣ ብዙ ጠባቂም እንዳያሻቸው፣ የከሳሽን ግራ እጅ ከተከሳሽ ቀኝ እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት አስረው ግንቡ ምድር ቤት አወረዷቸው። «ቁራኛ ማለት ይህ ነው» ይሉና ሁለት ጣቶቻቸውን እርስ በርስ ይቆላልፋሉ። «አንዱ ሲጎርስ የሌላው እጅ አብሮ ይነሣል። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይነቃነቃል። እየተጠላሉ አብረው ይተኛሉ።» ክረምቱ ገባ፤ ዓባይ ሞላ፤ ዳኛው ማዶ ቀረ። ተከሳሹ ያስለው ጀመር። አንድ ሌሊት ከሳሹ ነቅቶ በጨለማ ውስጥ ሲዳስስ አጠገቡ ያለው እጅ በርዷል። ጮኸ። ጠባቂዎቹ በቀዳዳው በኩል መለሱለት፤ «ቁልፉ ከዳኛው ጋር ዓባይ ማዶ ነው፤ ውሃው እስኪጎድል ቻለው።»

እዚህ ላይ ሲደርሱ የኔታ ከጋቢያቸው ውስጥ ያን አመዳም ቀዝቃዛ እጃቸውን ድንገት አውጥተው የቅርቡን ልጅ ክንድ ጨበጥ ያደርጋሉ። የቅርቡ ልጅ ሁልጊዜ እኔ ነበርሁ። «በሉ እንግዲህ፣ ማን ነው ማንን ያሰረው?» ብለው ይጠይቁናል።

አባቴ ይህን ሁሉ የሚሰማው ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ መጋዙን በሞረድ እየሳለ ነው። አናጢ ነበር፤ የሰው ቤትም የቤተ ክርስቲያንም ጣራ ይመታል። እጀ ሰፊ፣ ሳቁ ከደረቱ ሳይሆን ከሆዱ የሚወጣ ሰው ነበር።

«የኔታ፣ ኧረ ይተዉአቸው፤ ዛሬ ልጆቹ አልጋ ላይ ሊሸኑ ነው» ይላል።

«በሰሙ ላይ ነው በወርቁ?» ይሉታል የኔታ ፊታቸውን ሳያዞሩ፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ እኔም ፍርሃቴን ረስቼ እስቃለሁ።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ አባቴ በጉንደ ወይን በኩል ለሚሠራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ሊመታ ሄደ። በሳምንቱ መጨረሻ ይመለሳል ተብሎ ሳይመለስ ቀረ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንገባ ደጃችን ላይ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል፤ እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች አብራቸው ወጣች፤ እኛን ዞር ብላ እንኳ አላየችንም። ስትመለስ ብዙ ቀን አልፎ፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ ድምፅዋ ሻክሮ ነበር።

«አባዬስ?» አልኋት።

«ሥራ በዝቶበት ነው። ጣራው አላለቀም።»

ነገር ግን በዚያው ሰሞን አንድ ጭነት መኪና ደጃችን ቆሞ የአባቴን የመሣሪያ ሣጥን አውርዶ ሄደ። ሰው ሥራ ላይ ከሆነ ሣጥኑ እቤት ምን ይሠራል? ይህን አልጠየቅሁም። እናቴ በየሳምንቱ ለሦስትና ለአራት ቀን እየጠፋች ትመጣለች፤ ጎረቤት ይገባል፣ ያንሾካሹካል፣ እኛ ስንገባ ስለ ጤፍ ዋጋ ይነሣል። ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ግን የኔታ ተረት ማቆማቸው ነበር። ማታ መጥተው ከፍሙ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ አመዱን በጭራሮ ይጭራሉ፤ ዝም ይላሉ። እኚያ ዝም የማያውቁ ሰው ዝም ሲሉ ቤቱ ጠበበኝ።

አንድ ቀን ከወንድሜ ጋር ድብብቆሽ ስጫወት ከጎታው ጀርባ ቁጭ ብዬ ሳለሁ እናቴና ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ገቡ። መኖሬን አላወቁም።

«ከዚያ ሁሉ ከፍታ ወድቆ መትረፉም ተመስገን ነው» አለች እትዬ ሙሉ። «እንግዲህ የአልጋ ቁራኛ ሆኖ መቅረቱ ነው?»

«ዝም በይ በማርያም፤ ልጆቹ እንዳይሰሙ። ትልቋ ነገር ታውቃለች» አለች እናቴ፤ ከዚያም አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች።

ነገር ማወቄ ነበር ጉዴ። ሌላ ልጅ ቢሆን ሰሙን ሰምቶ፣ አባቴ ወድቆ ተኝቷል ብሎ አልቅሶ ይወጣለት ነበር። እኔ ግን የየኔታ ተማሪ ነኝና ሰሙን ንቄ ወደ ወርቁ ሄድሁ። ወድቋል፤ በተረቱ የሚወድቀው ሹም ነው። ከከፍታ ወድቋል፤ እንግዲያው አባቴ እኔ ያላወቅሁት ትልቅ ነገር ውስጥ ገብቷል። የአልጋ ቁራኛ ሆኗል፤ አልጋው ማለት መንግሥት አይደለም እንዴ? መንግሥት አስሮታል፤ ለዚያ ነው የሚያንሾካሹኩት፤ ለዚያ ነው ባርኔጣ የያዙት ሰዎች የመጡት። የአልጋ ቁራኛ የሚገባበት ቤት ደግሞ አንድ ብቻ መሆኑን ከየኔታ በቀር ማን ነግሮኝ ያውቃል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። የምፈራው መታሰሩን አልነበረም፤ ከማን ጋር እንደታሰረ ነበር። አብሮት የተቆራኘው ሰውዬ ቢታመምስ? ቢያስለውስ? በጨለማ ውስጥ እጁ ቢበርድበትስ? ወንድሜ አጠገቤ ተኝቶ ባሳለ ቁጥር ድንግጥ ብዬ እጁን እዳስሳለሁ።

በመጨረሻ ድፍረት አግኝቼ የኔታን ብቻቸውን ሲሆኑ ጠየቅኋቸው። «የኔታ፣ የአልጋ ቁራኛ ይፈታል?»

ጭራሮው ከእጃቸው ወደቀ። ዓይናቸው ውሃ ሞላ። «እግዚአብሔር ከፈታው ይፈታል ልጄ።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«በእሱ እጅ ነው። በእሱ እጅ ብቻ ነው።»

ያኔ ልቤ ቁርጡን አወቀ። እሱ ያሉት እኔ ዘንድ ዳኛው ነው፤ ዳኛው ዓባይ ማዶ ነው። ሁለታችንም እውነት ተናግረን፣ ሁለታችንም ሳንግባባ ተለያየን።

በሁዳዴ ጾም የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ግንቡን ልንጎበኝ ነው ተባለ። መምህር ጌጡ የአካባቢ ሳይንስ ያስተምረን ነበር፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ አቧራ እንዳይነካው ለጫማው የሚሳሳ ወጣት ነው። ልጆቹ ጮቤ ረገጡ። እኔ እቤት ሄጄ የአባቴን ሣጥን ከፈትሁ፤ የመጋዝ መሳያ ሞረዱን አውጥቼ በቀሚሴ ሥር በመቀነት አሰርሁት። ብረት ብረትን እንደሚበላ አባቴ ሲሠራ አይቻለሁ። የአንድ ድፎ ሩብ የሚሆን ዳቦም በቦርሳዬ ከደብተሮቼ መካከል ደበቅሁ።

መንገዱን ሁሉ ሞረዱ ጭኔን እየላጠኝ ሄድሁ። ግንቡ ከሩቅ ሲታይ የተረቱን ያህል አልነበረም፤ አንዱ ጥግ ተንዷል፣ ከግድግዳው ስንጥቅ ሾላ በቅሎበታል፣ ርግቦች ይገቡበታል ይወጡበታል። ቅርብ ስንደርስ ግን ጥላው ላያችን ላይ ወደቀና የሚያወራው ልጅ ሁሉ ድምፁን ቀነሰ። በሩ ላይ የሚጠብቁት ሴት ነበሩ፤ እማማ ውድነሽ ይባላሉ፤ ወፈር ያሉ፣ ቁልፎቻቸውን መቀነታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አሮጊት ናቸው። ሲራመዱ ቁልፎቹ ይንሿሿሉ። እኔ ከዚያ መቀነት ላይ ዓይኔን መንቀል አልቻልሁም።

መምህር ጌጡ በየክፍሉ እያቆመን ያስረዳል። «ይህ ግብር የሚበላበት አዳራሽ ነበር። ከዚህ በታች ያለው ምድር ቤት ደግሞ እስረኞች የሚታሰሩበት ነበር።» ነበር ማለቱን ሰምቻለሁ። ግን ትልልቅ ሰዎች ስለ አባቴ ሲጠየቁ ከሚዋሹት ውሸት ይህኛው በምን ይለያል?

«መውረድ ይቻላል?» አለ አንድ ልጅ።

«አይቻልም!» አሉ እማማ ውድነሽ ፈጠን ብለው። «ታች አትውረዱ። ምንም የሚታይ የለም።»

እንዲህ ባይሉ ኖሮ እንኳ ጥርጣሬዬ አይለቀኝም ነበር፤ ይባስ ብሎ ጥቂት ቆይቼ ዞር ስል፣ በአንድ እጃቸው ውሃ የያዘ ጣሳ፣ በሌላው አንድ ሳህን ባቄላ ይዘው፣ ግራ ቀኝ አይተው ወደዚያው ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ሲወርዱ አየኋቸው። ሲመለሱ እጃቸው ባዶ ነበር። ምንም ከሌለ የሚበላው ማን ነው?

መምህሩ ልጆቹን ይዞ ወደ ሰገነቱ ሲወጣ እኔ ጫማዬን እንደማስር ጎንበስ ብዬ ቀረሁ። የመጨረሻው ልጅ ተረከዝ በደረጃው መታጠፊያ ሲሰወር ወደ ታች ወረድሁ። ድንጋዩ በሰው እግር ብዛት መሀሉ ጎድጉዷል፤ ላብ እንዳለው ሰውነት ርጥብ ነው። ታች የቆርቆሮ በር ገርበብ ብሎ ቆሟል። ገፋ አደረግሁት። ጨለማው እንደ ጭቃ ወፍራም ነበር፤ የሽንትና የበሰበሰ ጭድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አሁንም ሳስበው እግሬ ወደ ውስጥ መግባቱን እንጂ እኔ ማስገባቴን አላስታውስም።

«አባዬ» አልሁ በሹክሹክታ።

ሰንሰለት ተንቀሳቀሰ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ። ይታይሽ ነኝ።»

ሰንሰለቱ መሬት ለመሬት ተጎተተ፤ ከባድ ትንፋሽ ተሰማኝ። አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው። ያ አብሮት የታሰረው ሰውዬስ? ለምን አይተነፍስም? ዳቦውን አውጥቼ እጄን ወደ ጨለማው ዘረጋሁ። ሞቅ ያለ ትንፋሽ መዳፌ ላይ አረፈ፤ ዳቦውም ከእጄ በኃይል ተነጠቀ። እንዴት ቢርበው ነው ብዬ ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «ቀስ በል አባዬ፣ ሌላም አመጣልሃለሁ» አልሁት። ሞረዱን ይዤ እጁን ፍለጋ ዳሰስሁ። ጣቶቼ ወፍራም ጠጉር ውስጥ ገቡ። ጋቢ ለብሷል ብዬ ነበር መጀመሪያ ያሰብሁት። ወደ ላይ ስዳስስ ግን ቀንድ ጨበጥሁ።

በዚያው ቅጽበት ከኋላዬ በሩ ተስቦ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁ፤ የቁልፎቹ ድምፅ ደረጃውን ወጥቶ ራቀ። ጨለማው ሙሉ ሆነ። የቆምሁት ከሰው ጋር ነው ከሰይጣን ጋር ነው፣ አባቴን ቀንድ አብቅለውበት ነው ወይስ በልቶት ነው፣ የልጅ አእምሮ ያላሰበው አልነበረም። አንድ ርጥብ ነገር ክንዴን ነካኝ፤ ቀዝቃዛ ነበር። የከሳሹ ጩኸት ያን ጊዜ ከእኔ ጉሮሮ ወጣ። በሩን በሞረዱ ቀጠቀጥሁ፤ ጣቴ እስኪደማ ቀጠቀጥሁ፤ ቁልፉ ዓባይ ማዶ ነው ብለው እንዳይመልሱልኝ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የታቦቱን ስም እየጠራሁ ጮኽሁ።

በሩ ሲከፈት እማማ ውድነሽ ባትሪያቸውን ፊቴ ላይ አበሩብኝ። ብርሃኑ አልፎኝ ሄዶ ጥግ ላይ አረፈ፤ እዚያ አንድ ጥጃ የሚያህል ሙክት በግ በሰንሰለት ታስሮ፣ ዳቦዬን እያመነዠከ፣ በርጥብ አፍንጫው ያሸተኛል።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ? ለፋሲካ የማደልበውን በጌን ልትሰርቂ ነው በሞረድ? ገመድ እየበጠሰ ቢያስቸግረኝ ነው በሰንሰለት ያሰርሁት!»

«አባቴን ፍለጋ ነው» አልኋቸው።

«አባትሽ እዚህ ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

«ታስሮ ነው። የአልጋ ቁራኛ ነው።»

ባትሪው ወደ መሬት ዝቅ አለ። «ምን አልሽ?»

«የአልጋ ቁራኛ ሆኗል። እናቴ ስታወራ ሰማሁ። ከከፍታ ወድቆ ነው የታሰረው።»

«አባትሽ ሥራው ምንድን ነው?»

«አናጢ ነው። ጣራ ይመታል።»

እማማ ውድነሽ ከዚያ ከረጠበ ደረጃ ላይ ተቀመጡ፤ እኔንም ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና የደማውን ጣቴን በቀሚሳቸው ጫፍ ያዙልኝ። በጉ ሰንሰለቱን ያንቀጫቅጫል።

«ልጄ፣ እዚህ ሰው ከታሰረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እናቴም አላየችም። የአልጋ ቁራኛ ማለት…» ብለው ቆም አሉ። «ታሞ ከተኛበት መነሣት ያቃተው ሰው ነው። አልጋ ማለት አልጋ ነው፤ ያው የምንተኛበት። አባትሽ ከጣራ ወድቆ ይሆናል።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። አልታሰረም፤ ማንም የሞተ ሰው አጠገቡ የለም። ደስታው ግን ደረጃውን ወጥተን ፀሐይ ሳናይ አለቀ። መነሣት ያቃተው የሚለው ቃል ዘግይቶ ገባኝ። እስረኛ ቢሆን ይፈታ ነበር። ለእስረኛ ዳቦ ይወሰድለታል፤ ሰንሰለቱም በሞረድ ይበላል። ከአልጋ ላይ ሰውን የሚያስነሣ መሣሪያ ግን በአባቴ ሣጥን ውስጥ አልነበረም።

ላይ መምህር ጌጡ ስሜን እየጠራ፣ ጫማው በአቧራ ተለውሶ፣ ገደሉን ቁልቁል ሲያይ ደረስንበት። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሲያየኝ አርጩሜውን አነሣ፤ እማማ ውድነሽ ጠጋ ብለው በጆሮው አንድ ነገር ሲነግሩት አርጩሜውን ጣለው። አምበር እስክንገባ እጄን አልለቀቀም፤ ልጆቹም ያፌዙብኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም ብለው ከኋላችን ተከተሉን።

እናቴ ደጅ ላይ አገኘችን። መምህሩ አፉን ከመክፈቱ በፊት እኔ ቀደምሁት። «አባዬ የተኛው የት ነው?» አልኋት።

እዚያው እደጁ ቁጢጥ ብላ ራሷን ያዘች።

ያን ዕለት ማታ ቤታችን ውስጥ ጠብ ሆነ። አባቴ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ቆይቶ ከወጣ ወዲህ እዚያው ከተማ እኅቱ ቤት መተኛቱን፣ ወገቡ መጎዳቱን፣ እግሮቹ አለመታዘዛቸውን የሰማሁት ከጠቡ መካከል ነው። እናቴ «እንዲህ ሆኖ እንድታየው አልፈልግም፤ እሱም አትምጣ ብሏል» ትላለች። የኔታ ፍሙን ትክ ብለው ያያሉ። ኋላ ጋቢያቸውን ከላያቸው ገፈፍ አድርገው ቀና አሉ።

«አንቺ ያላሳየሻትን እሷ መቃብር ቆፍራ ልታይ ሄዳለች» አሏት። «ነገ ትሄዳለች። እኔ እወስዳታለሁ።»

በማግስቱ እናቴ፣ የኔታና እኔ አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገዱን ሁሉ የኔታ ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር። ስለ ሰሙና ስለ ወርቁ እንዲያነሡ ጠብቄ ነበር፤ አላነሡም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

የአክስቴ ቤት በትልቁ ገበያ አጠገብ ነበር። ክፍሉ ጠባብ፣ መስኮቱ ትንሽ፣ የመድኃኒት ሽታ ያለው ነው። አባቴ አልጋው ላይ ነበር። ጢሙ አድጓል፤ እነዚያ ሰፋፊ እጆቹ ብርድ ልብሱ ላይ ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል። ከወገቡ በታች ብርድ ልብሱ ማንም ያልተኛበት ይመስል ዝም ብሏል። ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ አክስቴም ልታስወጣኝ ትከሻዬን ያዘች። ያኔ እናቴ ምን እንደነካት እንጃ፣ «ግንብ ገብታ ስትፈልግህ ነበር» አለች።

ተመልሶ አየኝ። «የት?»

ነገርሁት። ከጎታው ጀርባ የሰማሁትን፣ የኔታን የጠየቅሁትን፣ ሞረዱን፣ ዳቦውን፣ «ቀስ በል አባዬ» ያልሁትን። በጉ ጋ ስደርስ ያ የሆዱ ሳቅ ወጣ፤ ግማሹ ላይ ሕመም አቋረጠውና ጥርሱን ነከሰ፤ እንደገና ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ መልኩን ቀየረና አባቴ ሲያለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። የኔታ ወደ ደጅ ወጡ።

«ለምን ዋሻችኋት?» አላት እናቴን።

«አንተ አይደለህ አትንገሯት ያልኸው?»

እጁን ዘረጋልኝ፤ ሄጄ ያዝሁት። ሞቃት ነበር።

«ከእንግዲህ የምትፈልጊውን እኔን ጠይቂኝ» አለኝ። «ማንንም አትጠይቂ። እኔ እነግርሻለሁ።»

«ትነሣለህ?» አልሁት።

«እንዴታ! በእመቤቴ ኃይል ይነሣል እንጂ!» አለች አክስቴ ከኋላዬ። እናቴም «ይነሣል፣ ይነሣል» እያለች ብርድ ልብሱን ታስተካክል ጀመር። አባቴ ሁለቱንም አላያቸውም። የሚያየው እኔን ነበር። እንዲዋሸኝ ምን ያህል እንደፈለግሁ ዛሬም አስታውሳለሁ።

«አልነሣም» አለኝ።

ከየኔታ ተረቶች አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። እሳቸውም አልፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ የግንቡን ተረት ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ተማሪዎቻቸው እንደሚሉት ቅኔያቸው ግን እስከ መጨረሻው እንደሰላ ነበር። እኔ ለልጆቼ የምነግራቸው ተረት የለኝም ማለት ይቻላል፤ ሲጠይቁኝ እቸገራለሁ። ከእነዚያ ማታዎች ሁሉ ይልቅ እኔ ጋ የቀረው ያ አንድ ቃል ነው። ያን ቀን ልቤን ሰብሮታል፤ ለብዙ ሌሊትም አስለቅሶኛል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ አባቴ ደህና ነኝ ሲለኝ ደህና ነበር፤ አመመኝ ሲለኝ አሞታል፤ ከቃሉ ጀርባ ሌላ ቃል ልፈልግ ገብቼ አላውቅም። ሰው በሰው ላይ እንዲህ እንደሚያርፍ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ብዙ ዓመት በዚያው አልጋ ላይ ኖረ፤ እኛም ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ እሱ ገባን። ኋላ እኔ ለሥራ ከደብረ ማርቆስ ርቄ ሳለሁ አንድ ሰሞን እናቴ ስልክ ላይ ድምፅዋ ሻከረብኝ። «ትንሽ ጉንፋን ነው፤ ይሻለዋል፤ ሥራሽን አትፍቺ» ትለኛለች። አክስቴም ይሻለዋል አለች፤ ወንድሜም ይሻለዋል አለ። ስልኩን ለእሱ ስጡልኝ አልኋቸው። ቆይቶ ትንፋሹ ተሰማኝ።

«ይሻልሃል?» አልሁት።

«አይሻለኝም» አለ። «ዛሬ ነይ።»

ሄድሁ፤ ነፍሱ ሳትወጣ ደረስሁበት።